በሻንጣ የማይሄድ ዘር

በሚኖሩበት የውጭ አገር ከተማ፣ ሼፈርድስ ቡሽ ገበያ በር ላይ ሪሐብን ባያገኟት ኖሮ፣ ጋሽ አብዱልወሀብ በማግስቱ የበቆሎ ዘር ደብቀው ጅማ ይገቡ ነበር። እሳቸው ጡረታ የወጡ የአውቶቡስ ሹፌር ናቸው፤ እሷ ደግሞ የጎረቤታቸው ልጅ፣ ስለ ዘር ተምራ ላቦራቶሪ የምትሠራ። የሻንጣ ቁልፍ ሊገዙ እንደመጡ ነገሯት። ደስታ መደበቅ መቼ ያውቁበታል! ዘሩንም ሹክ አሏት።

«የእህቴን የሰዓዳን በቆሎ ሁለት ዓመት ሙሉ ተምች ጨረሰው። ይሄኛው ዘር ጂኑ በላቦራቶሪ የተቀየረ ነው፤ ወዳጄ ከአሜሪካ አመጣልኝ። ተምች አይደፍረውም አሉ። ካልሲ ውስጥ ሸጉጬዋለሁ።»

«ጋሼ፣ ፈቃድ አለዎት?»

«የምን ፈቃድ? አንቺም መርዝ ነው ልትዪኝ ነው?»

«አላልኩም፤ ጥሩ ዘር ሊሆን ይችላል። ግን እዚያ አየርና አፈር ላይ ቼክ ተደርጓል? የበቆሎ አበባ ብናኝ በነፋስ ሄዶ ከጎረቤት በቆሎ ጋር ይዳቀላል። ችግር ቢያመጣ መልሰው ሊሰበስቡት አይችሉም።»

ሽማግሌው ቱግ አሉ። «የጠገበ ቼክ ያድርግ! እህቴ እስከዚያ ምን ትብላ?»

እውነታቸውን ነው፤ የተራበን ታገስ ማለት ለማን ይቀላል? ሪሐብም ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«እርስዎ ጠዋት ፍሬኑን ሳያዩ አውቶቡስ አስነስተው ያውቃሉ? ፍሬን ማየት አውቶቡስ መጥላት ነው እንዴ?»

«እሱማ ሕዝብ የጫነ መኪና ነው። ይሄ የአንዲት ሴት ማሳ ነው፣ በቃ!»

ይህን እያሉ ስልካቸው ጮኸ፤ ሰዓዳ ነበረች። «ወንድምዬ፣ ዘሩን አደራ! ለጎረቤቱ ሁሉ እፍኝ እፍኝ ቃል ገብቻለሁ። እነሱም ለዘመዶቻቸው።»

ጋሽ አብዱልወሀብ ክው አሉ። እንዴት ረሱት? በአገራቸው ዘር የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም፤ ጥሩ የተባለ እንደሆነ መንደሩን ያዳርሳል።

«ያረቢ!» አሉ። «ሰዓዳ፣ ዘሩን አላመጣም። አልተመረመረም። ለናንተ መሬት የተፈተነ ሲሆን ጉዳትና ጥቅሙ ይለያል፤ ቢያጠፋ እንኳ የሚጠየቅ ሰው አለ። ነባሩ ዘራችሁም አይበረዝም። እኔ ባጠፋ ማንን ትጠይቂያለሽ?»

ሰዓዳ መልሳ ጠየቀች። «ታዲያ ዘንድሮ ምን ልሁን?»

ይህን ሲሰሙ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። «ግብርና ቢሮ አብረን እንሄዳለን፤ የተፈቀደ ዘር ካለ እንጠይቃለን። ከሌለም ተምቹን አብሬሽ እለቅማለሁ።»

ስልኩን ዘጉና ወደ ሪሐብ ዞሩ። «ካልሲው ውስጥ ያለውን ዛሬውኑ ወስደሽ አስወግጂልኝ። አሁን ግን ነይ፣ ትኬት ቢሮ አድርሺኝ፤ በሳምንቱ እመለሳለሁ ብዬ ነበር፣ በቆሎው እስኪደርስ አልመለስም።»