የፍሉሪን አባትና የመንደራችን ሸንጎ

በበረዷማ ተራሮች መካከል ያለችው የቫልደራ መንደር አስተማሪ ነኝ። አንድ እሑድ፣ በረዶው መቅለጥ በጀመረበት ወራት፣ ከቅዳሴ ስመለስ አቶ ዱሪና የእኅታቸው ልጅ ማድላይና በመቃብሩ አጥር ሥር ቆመው ሲከራከሩ አገኘኋቸው። አቶ ዱሪን በዚያ ክረምት አንድያ ልጃቸውን ፍሉሪንን የበረዶ ናዳ ነጥቋቸው ነበር። ማድላይና ሕግ ተምራ ከከተማ የተመለሰች ናት። በማግስቱ መንደራችን ራሱን ማስተዳደሩን ትቶ ከሸለቆው ከተማ ጋር ይዋሃድ እንደሆነ በሸንጎ ልንወስን ነበር።

«መምህር፣ እስቲ ይፍረዱን» አሉኝ አቶ ዱሪ። «ይቺ ልጅ ነጻነት ነጻነት ትለኛለች። ነጻነት አይደል ልጄን የበላው? ናዳውን የሚመክት ግንብ ይሠራ ሲባል፣ ግጦሽ ያጠብብናል ብለን እጃችንን አውጥተን የከለከልነው እኛው ነን። እኔም ጭምር! አንድ ቆፍጣና ገዥ ቢኖረን ኖሮ በግድም ቢሆን ያሠራው ነበር።»

«ባያሠራስ፣ አጎቴ? ማንን ሊጠይቁ ነበር?»

«አፍሽስ ስለት ነው። የሞተ ልጅ ግን በክርክር አይነሣም።»

የማድላይና ዓይን እንባ አቀረረ። «ፍሉሪን ለእኔም ወንድሜ ነበር። ያን ዕለት በረዶውን በእጁ የቆፈረው ማን ነው? ግንቡን ከሁሉ አጥብቆ የተቃወመው ጎረቤታችን ጃከን አይደለም? ጥፍሩ እስኪነቀል ቆፈረ። ዛሬም እርስዎን ቀና ብሎ ማየት ያፍራል። ሩቅ ያለ ገዥ ሲሳሳት ማንን ያፍራል? የእኛ ስሕተት ግን አብሮን ነው የሚኖረው፤ ሳናርመው አያስተኛንም።»

«ትንሽ መንደር፣ ትንሽ አገር! ምን አቅም አለን?»

«ታላላቆቹ አገሮች ወንድ ልጅ ለጦር ሲወስዱ እናቱን ያማክራሉ? አያቶቻችን ጎረቤት ሲዋጋ ለማንም አልወገኑም። ልጆቻቸውንም ለሰው ጠብ አልገበሩም።»

«እኔ ግን ገበርኩ» አሉ ድምፃቸው ተሰብሮ። «ለላም ሣር።»

ትምህርት የማይደርስበት ኀዘን አለ። ማድላይና ክንዳቸውን ያዝ አድርጋ፣ «ነገ ሥልጣናችንን ካስረከብን ግንቡን ደጅ ጠንተን ነው የምንለምነው» አለቻቸው። «ዛሬ ግን በእጅዎ ነው፣ አጎቴ።»

በማግስቱ አቶ ዱሪ በሸንጎው መካከል ተነሡ።

«ጥፋቱ የእኛ ነው» አሉ። «የእኛ ስለሆነም የምናቃናው እኛው ነን። መንደሩ ለማንም አይሰጥ። ግንቡም ይሠራ።»

መጀመሪያ እጁን ያወጣው ጃከን ነበር። ቀጥሎ የሁላችንም እጅ ወጣ።

በቀጣዩ ክረምት ናዳው ሲወርድ ግንቡ መከተው፤ ተማሪዎቼም በየቤታቸው በሰላም አደሩ። በገዛ ድምፁ የሚተዳደር ሕዝብ እንደማንኛውም ሰው ይሳሳታል፤ ነገር ግን ጥፋቱን የሚያላክክበት ጌታ ስለሌለው ቶሎ ይማራል፣ የሠራውንም እንደ ዓይኑ ብሌን ይጠብቃል።

ጠዋት አቶ ዱሪን ግንቡ ሥር ቆመው አገኘኋቸው።

«ያዘ እኮ!» አልኳቸው።

«ያዘ» አሉ ድንጋዩን እየዳሰሱ። «ዘገየ እንጂ።»