የወይዘሮ ቨርና ወፍራም ዘይት

ኢንዲያና ውስጥ፣ በበቆሎ ማሳዎች መካከል ባለው የመኪና እሽቅድምድም ሜዳ በኩል ሳልፍ ጎረቤቴ ወይዘሮ ቨርና ከአጥሩ ውስጥ ሆነው «መምህር! ና እስቲ ፍረድልን!» ብለው ጠሩኝ። የማስተምረው ሰዋስው ነው፤ ስለ ሞተር የማውቀው መጮኹን ብቻ ነው። ቢሆንም የጎረቤት ጥሪ አይናቅምና ገባሁ።

ወይዘሮ ቨርና ባላቸው ሆሊስ ካረፉ ወዲህ የቀይዋን መኪና መሪ የያዙ፣ በሜዳው አጭርና ቀጥ ያለ ጎዳና እንደ ጥይት የሚወነጨፉ ባልቴት ናቸው። አጠገባቸው የወንድማቸው ልጅ ቶቢን ቆሟል፤ ምህንድስና ተምሮ የመኪናዋን አዲስ ሞተር የገጠመው እሱ ነው። እሳቸው የወፍራም፣ እሱ የቀጭን ዘይት ጣሳ ይዘዋል። የዓመቱ የመጨረሻ ውድድር ከሰዓት በኋላ ነው።

«ወፍራም ዘይት ብረትን ከብረት ያራርቃል» አሉ ወይዘሮዋ። «ሆሊስ ዕድሜውን ሙሉ ይህንኑ አፈሰሰ፤ አንድም ቀን ሞተር ነክሶ አልቆመበትም።»

እውነት ነው፣ አልኩ በልቤ።

«አክስቴ፣ ይስሙኝ» አለ ቶቢን። «የእኛ ሩጫ ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ያልቃል። ወፍራም ዘይት ሲቀዘቅዝ እንደ ማር ነው። የሚሽከረከረውን ዘንግ አቅፎ በያዘው ቀለበት፣ በብሮንዚናው ጠባብ ክፍተት ቶሎ አይገባም፤ እሱን ለመግፋትም ሞተሩ ጉልበቱን ይጨርሳል።»

ይኸም እውነት ነው፣ አልኩ።

«እንግዲያው ውሃ እናፍስበታ!» አሉ ወይዘሮዋ።

«ቀጭን ሁሉ ይሻላል መቼ አልኩ?»

«ታዲያ ምን እያልክ ነው? መምህር፣ አንተስ ገባህ?»

«ሁለታችሁም ልክ ናችሁ» ብል ሁለቱም ገላመጡኝ።

ቶቢን ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የአጎቴ ሞተር ክፍተቱ ሰፊ ነበር፤ ነዳጁም አልኮል ስለነበር ዘይቱን ያቀጥነው ነበር። ለዚያ ወፍራም መምረጣቸው ልክ ነው። ይህኛው ግን ክፍተቱ ጠባብ፣ ነዳጁም ቤንዚን ነው።»

«አንተ ልጅ፣ የሰውየውን እጅ ከመኪናዋ ልታወጣ ነው?» አሉ፤ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ክርክሩ ስለ ዘይት ብቻ እንዳልነበር ያን ጊዜ ገባኝ።

ቶቢን መፍቻ አነሳ። ትናንት በወፍራሙ ዘይት ከሞከሯት መኪና የዘይት ማጣሪያውን ፊልትሮ ፈትቶ ቀደደና ወረቀቱን ዘረጋ። እጥፋቱ ውስጥ የሚያብለጨልጭ ብናኝ ተኝቷል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ብሮንዚናው እየተላጠ ነው፣ አክስቴ። ዛሬ ቢሮጡ ሞተሩ በድንገት ነክሶ ይቆማል፤ ያን ጊዜ ደግሞ ውስጡ እርስዎ ነዎት።»

ወይዘሮ ቨርና ብናኙን በጣታቸው አሻሹት። «ሆሊስ ይህን ቢያይ ጣሳውን ራሱ ይወረውረው ነበር» አሉና ስማቸውን ከውድድሩ ሊያሰርዙ ሄዱ። የመጨረሻው ውድድር ያለ እሳቸው ተካሄደ።

እኔ የዘይቱ ነገር ዛሬም በቅጡ አልገባኝም። ይህን ግን ተረዳሁ፦ ክፍተቱን የለካ፣ ነዳጁንና ሙቀቱን ያየ ሰው ዘይቱን ያውቃል፤ ሞተሩ ይከርማል፣ ጉልበቱ አይባክንም፣ ነጂውም በደህና ቤቱ ይገባል። የሟችን ጣሳ መያዝ ግን የሟችን ጥበብ መያዝ አይደለም።

ብሮንዚናው ተቀይሮ፣ ቀጭኑ ዘይት ተሞልቶ ለሙከራ ሲወጡ አብሬ ነበርኩ። ወይዘሮዋ ከጎዳናው ጫፍ ተመልሰው የራስ ቁራቸውን አወለቁና የሩጫውን ሰዓት የሚያሳየውን ሰሌዳ ቀና ብለው አዩ።

«ቶቢን! የሆሊስን ምርጥ ሰዓት ቀደምኩት እኮ!» አሉ፤ እየሳቁ አለቀሱ።