የስለቴ ቆርቆሮ

እስኪ ይቺን ስሙኝና ፍረዱኝ። ልጄ ከአልጋ ከተነሣችልኝ አቅሜ የፈቀደውን ለጊዮርጊስ አስገባለሁ ብዬ ተስዬ ነበር። ተነሣችልኝ፣ ስሙ ይክበር ይመስገን። ሙክቴን ሸጬ ንፋስ መውጫ ሄድኩና ባለ ዘርፉን ጥላ በእጄ ይዤ ቆምኩ፤ የእኛ አገር ስለት ጥላ ነዋ። ግን አሰብኩት። የመጀመሪያው ጥላ ለታቦቱ ሆነ፣ የተከተሉት ለካህናቱ ሆኑ፣ የቀሩትን ዕቃ ቤት ውስጥ አይጥ ይበላቸዋል። የእኔ ተጨምሮ ማንን ሊያስጠልል ነው? መገበሪያው የሚጋገርበት ቤተልሔም ግን ያፈሳል፤ ዲያቆናቱ ጠብታውን እየሸሹ ነው የሚጋግሩት። ጥላውን መለስኩና ቆርቆሮ ገዛሁ።

በንግሡ ዕለት ስለት ሲጠራ ለጥላው ሁሉ እልል ተባለ። የእኔ ተራ ሲደርስ የደብራችን ገበዝ፣ «አንተ ሰው፣ በረት ልትሠራ ነው?» ብለው በሕዝብ ፊት አሳቁብኝ። «አባቴ፣ ለቤተልሔሙ ነው። ሰማዕቱ እንደሆነ ጥላ አልቸገረውም» አልኳቸው። «ደግሞ ለጊዮርጊስ አንተ ልትመርጥለት! በል እዚያ አስቀምጠው።» እንባዬ መጣ፤ የሣቁት በልጄ ስለት ነው እኮ!

በሳምንቱ ለቅዳሴ ስሄድ ቆርቆሮዬ ተመትቶ ከሩቅ ሲያብለጨልጭ አየሁ። ደስ ብሎኝ ላማትብ እጄን ካነሣሁ በኋላ ነው ያስተዋልኩት፤ የተመታው ዕቃ ቤቱ ላይ ነው። ገበዙን ሮጬ ደረስኩባቸውና፣ «ምነው አባቴ፣ ቤተልሔሙስ?» ብላቸው፣ «ምን እናድርግ ልጄ» አሉኝ፣ «ጥላዎቹን እኮ ዝናብ እየመታቸው ነው!»