«ቁም» የምትለው ቁራጭ

«መልሺው እንጂ ሪሐና፣ ለሳዳም ነው!»

ጋሽ እንግዳ ከስፌት መኪናቸው ሳይነሱ እጃቸውን ዘረጉ። የሰፈራችን ልጅ ሪሐና ከእሳቸው የተረፈውን ኪኒን ነጥቃ ከኋላዋ ደብቃዋለች። ሳዳም፣ ባለታክሲው ጎረቤታችን፣ ጥርሱን አሞት ጉንጩ አብጦ በሩን ተደግፏል። ሀይሌ ጋርመንት ሰፈር፣ የጋሼ ልብስ ስፌት ሱቅ፣ ከሰዓት በኋላ፤ ሠራተኛቸውን እኔን ጨምሮ ሁላችንም ደክሞናል።

«ለእግርዎ የታዘዘ አይደል እንዴ ጋሼ? ለምን ተረፈ?»

«ቁስሉ ደረቀ፣ ተውኩት። ለስኳሩ ኪኒን፣ ለእግሩ ኪኒን... ሰለቸኝ ልጄ።»

«ታዲያ ካልሲዎን ምን አረጠበው?»

እግራቸውን ከስፌት መኪናው ሥር ሳቡ። ፔዳሉን የሚረግጡት በዚያ እግር ነው። እግሩ ከሄደ ሱቁም ሄደ።

ሪሐና ዩኒቨርሲቲ የምታጠናው ባክቴሪያ ነው። ወንበር ስትስብ ነገሩ ሊረዝም እንደሆነ ገባኝ።

«ይሄ ኪኒን ቁስል የሚያመረቅዙ ባክቴሪያዎችን ይገድላል። እኔ የማጠናቸው ባክቴሪያዎች ግን ሲጨንቃቸው አሠራር ይቀይራሉ። ገላቸው ላይ መድኃኒት የሚገባባቸውን በሮች ይቀንሳሉ።»

«ጭንቅላት የሌለውን ነገር ማን ‹አቁም› ይለዋል? እኔ ለሁለት ሠራተኛ ስጮህ ነው የምውለው!»

ሳዳም ሊስቅ ሞከረና ጉንጩን ያዘ። ሪሐና ጠረጴዛው ላይ ያለውን የተቆረጠ ኮት አየች። «ቁም» የሚል ቁራጭ ወረቀት ተሰክቶበታል።

«ይቺስ?»

«ደንበኛው ሐሳቡን ሲቀይር እሰካታለሁ። ልጆቹ ካዩዋት አይሰፉትም።»

«በቃ! ባክቴሪያው ውስጥም ‹በር ሥሩ› የሚል ትእዛዝ ይወጣል። አር ኤን ኤ የምትባል፣ ባክቴሪያው ራሱ የሚሠራት ትንሽዬ የመልእክት ቁራጭ ትመጣና የትእዛዙ መጀመሪያ ላይ ትለጠፋለች፤ ፊደሏ ከፊደሉ ይገጥማል። ትእዛዙ አይነበብም፣ በሩም አይሠራም።»

«ያለ ስፒል?»

«ያለ ስፒል።»

«እና በሩን ከዘጉት የኔ መዋጥ ምን ሊረባ?»

«ቀነሱት እንጂ ጨርሰው አልዘጉትም። በታዘዘው መሠረት ሲወስዱት አብዛኞቹ ያልቃሉ፣ የቀሩትን ሰውነትዎ ይጨርሳቸዋል። በመሃል ከተዉት ግን የጠነከሩት ተርፈው ይባዛሉ። የሳዳም ጥርስ ደግሞ ሌላ ሕመም ነው፣ የራሱ ሐኪም ይፈልጋል።»

«እሺ፣ አሁን ልቀጥለው?»

«በራስዎ አይሆንም። ክሊኒክ ሄደው ‹አቋርጫለሁ› ይበሉ።»

«ሰልፉን አስቢው እንጂ!»

«እግርዎን ያስቡት።»

በረጅሙ ተነፈሱ። ከዚያ «ቁም» የምትለዋን ቁራጭ ከኮቱ ነቅለው ስፌት መኪናው ላይ ባለው ጨርቅ ሰኩና እያነከሱ ተነሱ። «ና ሳዳም፣ ሁለት በሽተኞች አብረን እንሰለፍ።»

ተያይዘው ወጡ። እሳቸው መድኃኒታቸውን በአግባቡ ከወሰዱ እግራቸው የመዳን ዕድል ያገኛል፤ መድኃኒቱም ነገ እኔና እናንተ ስንታመም የሚሠራ ሆኖ ይቆየናል። ድካሙ ግን አለ፣ ሰልፉም አለ። የናንተም መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ኪኒን አይጠፋም። ጉንጩ ያበጠ ጎረቤት እጁን ዘርግቶ «አንድ ፍሬ ብቻ» ቢላችሁ፣ ምን ታደርጋላችሁ?