ያልደረቀ ቀለም

«የዛሬው ሻይ ደግሞ ምን ነክቶታል አንቺዬ? ቅጠሉን አሳይተው የመለሱት ነው የሚመስለው… ልጆችሽ ደኅና ናቸው? ተመስገን ነው።»

የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ኃላፊዋ ሲስተር ይህን የምትለው በሆስፒታሉ ሻይ ቤት ሰልፍ ላይ አብራት ለቆመችው ፋርማሲስት ነው። ከፊታቸው ጀርባቸውን ሰጥተው የቆሙት ዋናው ኢንጂነር ናቸው። ትናንት ከምሳ በኋላ የሕንፃው ዋና ብሬከር በድንገት ወርዶ መብራት ጠፍቶ ነበር። አጣሪ ኮሚቴውን የሚመሩት ኢንጂነሩ ጥፋቱን በሲስተር የኤሌክትሪክ ሻይ ማፍያ ላይ ጥለውታል። ዛሬ ከሰዓት ኮሚቴው ካጸደቀው ሲስተር ከኃላፊነቷ ትነሳለች። ሆዷ አሯል፤ ድምጿ ግን ማር ነው።

«ማጣራት እንዲህ ነው እህቴ! መጀመሪያ አይጥ ናት ተባለ፤ አይጧ ሳትገኝ ቀረች። ቀጥሎ ዝናብ ነው ተባለ፤ ሰማዩ ጥርት ብሎ አሳፈራቸው… ከዚያ የኔ ማፍያ ተያዘች። ምን ታድርግ፣ አፍ የላት! ያቺን የምታህል ጣሳ ይኼን የሚያህል ሕንፃ ጣለች። ጎበዝ አይደለችም?

አንዳንድ ሰው ደግሞ ለሥራው ሲታመን! ምሳውን በልቶ እንኳ ከብሬከሩ ክፍል አይጠፋም። ቀዝቀዝ ይላል አሉ፤ የሚደገፉበት ወንበርም አለ አሉ… ዓይኑን ጨፍኖ ነው የሚጠብቀው፤ ገልጦማ ማንም ይጠብቃል! ያቺን ከወንበሩ ጀርባ ግድግዳው ላይ ያለችውን፣ ስትነካ ዋናውን ብሬከር የምትጥለውን የአደጋ ጊዜ ማጥፊያ፣ ትናንት ጠዋት ቀይ ያስቀባትስ ማን ሆነና? 'ቀለሙ አልደረቀም፣ አትንኩ' ብሎ በገዛ እጁ የለጠፈውስ? እኛ ምስኪኖቹ አንብበን አልነካንም። የጻፈው ሰውማ ምን ብሎ ያነባል፣ በቃሉ ያውቀዋል…

ሕፃናቱ? ጀነሬተሩ እስኪነሳ በደረታችን አቅፈን አሞቅናቸው። አንዷማ ጭራሽ ከእንቅልፏም አልነቃችም። ያን ሰዓት የተኛችው እሷ ብቻ መሰለችሽ?

'ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ' ይሉ ነበር። ዘንድሮ ጅቡ ራሱ ቀድሞ ጮኸ፤ ኮሚቴም ሰበሰበ!

ጋዋኑንስ አየሽው? ትናንትም ይኸንኑ ነበር የለበሰው፤ እንደ ባለቤቱ ዕረፍት የማያውቅ ጋዋን! ጀርባው ላይ ያቺ ክብ ቀይ ነገር ደግሞ እንዴት ታምራለች… ልክ ማጥፊያዋን ታክላለች። ባለቤቱ አያያትም እንጂ ኮሚቴው ቢያያት ደስ ይለው ነበር። ታጥባ እንዳትጠፋ ብቻ ነው የምሰጋው።»

ኢንጂነሩ እጃቸውን ቀስ ብለው ወደ ጀርባቸው ሰደዱ። ጣታቸው ግን አልደረሰም። ሊዞሩ አሰቡና፣ ከዞሩ ደግሞ ጀርባቸው ለሻይ ቤቱ ሁሉ ሊታይ ነው፤ ባሉበት ደርቀው ቀሩ።

«ተራዎ ደርሷል እኮ ጋሼ፣ ይለፉ! ሻይዎን ይጠጡ እንጂ፣ ስብሰባ አለብዎት። ዕድሜና ጤና ይስጥልን። ሲደክምዎ የሚደገፉት አያሳጣዎ… ከሰዓት ኮሚቴው ዘንድ ሲገቡም እግዜር ከፊትዎ ይቅደም። ከኋላዎ አያስቡ፤ እኛ አለን።»