ግንባሬን አይቶ ወባ አለኝ

በእኛ ጊዜ፣ እኔና ጌታቸው እዚህ ጋምቤላ አንድ ትምህርት ቤት ስንሠራ፣ በሽታም እንደ ሰው ብሔር ነበረው። አትሳቁ፣ የምሬን ነው! ወባ የእኛ የኑዌሮችና የአኙዋዎች፣ ደም ግፊት ደግሞ የደገኞች ነው ይባል ነበር። "ነበር" አልኩ እንዴ? ይባላል፣ ዛሬም ይባላል።

ጌታቸው ከጎጃም መጥቶ እዚሁ የቀረ ደገኛ ነው፣ እኔ ርእሰ መምህር ስሆን እሱ ምክትሌ። አንድ ቢሮ ነበር የምንሠራው፣ ጠዋት ወንበር ላይ እንቀመጣለን፣ ማታ እንነሳለን። ምሳችንም አንድ ነው። ያ በጨው የደረቀ ዓሣ አለ አይደል፣ እሱን በአንድ ሳህን እንበላለን፣ ታዲያ ጌታቸው "ጨው አነሰው" ይላል፣ እኔም "አዎ አነሰው" እላለሁ፣ እና እንጨምራለን። አባቴ እንዲህ አልኖረም። አባቴ ማታር አካባቢ ከብት ተከትሎ ሲሄድ የሚውል፣ ወተት የሚጠጣ ሰው ነበር። እኔ የአባቴ ግንባር አለኝ እንጂ የአባቴ እግር የለኝም፣ ገባችሁ?

ታዲያ አንድ ሰሞን ሁለታችንንም ራስ ምታት ያዘንና አብረን ወደ ጤና ጣቢያ ሄድን። ባለሙያው ጌታቸውን አየና "መምህር፣ ክንድዎን ይዘርጉ" አለው፣ ለካው፣ "ኧረ ከፍ ብሏል! ጨው ይቀንሱ፣ መድኃኒትም ይጀምራሉ" አለው። እኔ ጋ ሲደርስ ግንባሬን አየ። እነዚህን ኑዌር መሆኔን የሚናገሩ ስድስት የጠባሳ መስመሮች። ክንዴን አላየም።

"እርስዎ ላቦራቶሪ ይሂዱ፣ ለወባ ደም ይስጡ።"

"እኔንስ አትለካኝም?" አልኩት።

ሳቀ። "እንደ ሸምበቆ ቀጥነው ምን ግፊት አለብዎ? ግፊት የደገኛ ነው።"

ጌታቸው ተቆጣ። "ኧረ ለካው! አብረን እኮ ነው የምንበላው!"

"ወረፋ አለ፣ አይጨቅጭቁኝ።"

ታዲያ ደሜ ታየ፣ ወባ የለም ተባለ። እና ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? "አልታየም ማለት የለም ማለት አይደለም" ብሎ የወባ ኪኒን ሰጠኝ! ሦስት ጊዜ ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ወባ። ግን እሱን ብቻ አልወቅስም፣ እኔም አመንኩት። ቤቴ ገብቼ ባለቤቴን ኛማልን "ደገኛው ታመመ፣ እኔ ደህና ነኝ" አልኳት። ኮራሁ እኮ!

ከዚያ አንድ ጠዋት አስተማሪ ቀርቶ እኔ ክፍል ገባሁ። ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ጠመኔው ወደቀ፣ ላነሳው ጎንበስ ብል እጄ እምቢ አለ። ሆስፒታል ወሰዱኝ። ሐኪሟ ለካችኝና "ግፊት እንዳለብዎ ያወቁት መቼ ነው?" ትለኛለች። ግንባር የሚያነበውን ሰውዬ ጠይቂው እንዳልላት ምላሴ ተሳስሯል።

ይኸው ቀኝ እጄ። ተመልከቱት። ሠላሳ ዓመት ሰሌዳ የሞላ እጅ ዛሬ የሸሚዝ ቁልፍ አይቆልፍም፣ ኛማል ናት የምትቆልፍልኝ። ጌታቸው ኪኒኑን እየዋጠ ባሮ ዳር ይመላለሳል። ይመላለስ፣ እድሜ ይስጠው! ግን እኔስ? ይሄ ግንባሬ ላይ ያለው ሰው ሆነሃል ተብሎ የተቀረጸ ነው፣ ወባ የሚል አልተጻፈበትም! ወባ እኛን ይይዘናል፣ ወንዝ ዳር ነን፣ ያለ አጎበር የተኛውን ደገኛም ይይዘዋል። ግፊትም ጨው ያበዛውን፣ ተቀምጦ የሚውለውን ይይዛል፣ አገርህ የት ነው ብሎ አይጠይቅም። የሚጠይቀው ሰው ነው!

እስቲ አንተ፣ የወንድሜ ልጅ፣ ግፊትህን ተለክተህ ታውቃለህ?

"አጎቴ፣ እኔም ተለክቼ አላውቅም።"

ስንት ዓመትህ ነው?

"አርባ ሁለት።"

ትየርኪዲ የስደተኞች መጠለያ ጣቢያ ሥራህ ምንድን ነው?

"ያው፣ ቢሮ ነው። ኮምፒውተር ፊት መቀመጥ።"

ታዲያ እዚህ ተቀምጠህ ምን ታደርጋለህ? ተነስ!

"ወባ ነው ብለው ቢመልሱኝስ?"

ክንድህን ጠረጴዛቸው ላይ አስቀምጥና እስኪለኩህ አታንሳው። ሂድ፣ የሚታዘዝህ ክንድ እያለህ።