ቀሚሱ አልረዘመም

ዙህራ ወጌሻውን ጉተማን ልትጠራ ስትሮጥ ሻሿን እንኳ በቅጡ አላሰረችም። በሮቤ ገበያ መንገድ ላይ ጎረቤቷ ነርሷ ፀዳለ አገኘቻት።

«ምነው ዙህራ፣ ፊትሽ አመድ መሰለ?»

«እናቴ ናት ሲስተር። ከገሰራ ስትመለስ መኪናው ጉድጓድ ገባና ወገቧ ቀጭ አለ። ዛሬ ደግሞ እግሬ ደነዘዘ ትላለች። ጉተማ ጀርባዋን ይረግጥላታል።»

«ይረግጥላታል?» ፀዳለ ክንዷን ጨምድዳ ያዘቻት። «እንዳታስነኪያቸው! ለመሆኑ የእናትሽ ቀሚስ ከመቼ ወዲህ ነው መሬት የሚጠርገው?»

ዙህራ ግራ ገባት። «ቆየ። ደጋግሜ አጥፌ ሰፋሁት። ጨርቁ የላላ መስሎኝ።»

«ጨርቁ አልረዘመም፤ እናትሽ ናቸው ያጠሩት። በእድሜ የሳሳ አጥንት ሳይታወቅ ይሰበራል። ስባሪው ነርቭ ላይ ካረፈ የጉተማ ተረከዝ እግራቸውን ጨርሶ ያሳጣቸዋል።»

 ዙህራ በሌላው መንገድ ሄዳ ፀዳለን ባታገኛት ኖሮስ?

ሁለቱ እናትየዋን በቃሬዛ አድርገው ወደ ጎባ ሆስፒታል ወሰዷቸው፤ እዚያ የተነሱት ራጅ የፀዳለን ስጋት እውነት አደረገው። ሐኪሙ አከርካሪያቸው በብረት እንዲደገፍ ለቀዶ ጥገና ወደ አዲስ አበባ ጻፈላቸው። የዙህራ እናት አዴ ጁሀራ ግን ቃሬዛው ላይ እንደተኙ እምቢ አሉ።

«አላህ ሲፈጥረኝ ብረት አላስገባብኝም። ብረት ይዤ ቀብር አልወርድም።»

«አዴ፣ አብዛኛው ስብራት በእረፍትና በመድኃኒት ይድናል» አለች ፀዳለ። «የእርስዎ ግን ነርቭ ተጭኗል። ሐኪሞቹ ጫናውን ያነሳሉ፣ አጥንቱን በብሎን ያቆማሉ፣ የሳሳውን በሲሚንቶ ይሞላሉ።»

«ሲሚንቶ? እኔ ግድግዳ ነኝ እንዴ!»

«ለአጥንት ተብሎ የተሠራ ነው።»

«ብሞትስ?»

ፀዳለ ወደ ቃሬዛው ቀረበች። «አልዋሽዎትም፣ በእድሜዎ አደጋ አለው። እንዲህ ተኝቶ መቅረት ግን ይብሳል። ገላ ይቆስላል፣ ሳንባ ይታመማል፣ እግርም አይመለስም።»

አሮጊቷ ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ኢንተላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺስ ምን ትያለሽ?»

ዙህራ ሂጂ ብላ ብትሞትባትስ? የእናቷን አፍ አየች።

«እማዬ፣ የወርቅ ጥርስሽን አላህ ሲፈጥርሽ ነው የሰጠሽ?»

አዴ ጁሀራ አፋቸውን በሻሻቸው ከደኑ። ሳቅ አመለጣቸው፤ ሳቁ ወገባቸውን ወጋቸውና እንባቸው መጣ። «እሱማ ለጌጥ ነው፣ ባለጌ!»

«ለጌጥ ከሆነ፣ ለመቆም እንዴት አይሆንም?»

አዴ ጁሀራ የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ። «እሺ። ግን እጄን እንዳትለቂ» አሉ።

ዙህራ አዲስ አበባ እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር ድረስ አልለቀቀችም። እዚያ ሲያስለቅቋት በሩ ሥር ተቀመጠች፤ በሩ እስኪከፈት ያላነበነበችው ዱዓ አልነበረም።

ዛሬ አዴ ጁሀራ በምርኩዝ ጎረቤት ይጠይቃሉ፤ ሰላታቸውን ወንበር ላይ ሆነው ይሰግዳሉ። የአጥንት መድኃኒታቸውን አያቋርጡም፣ ጠዋት ፀሐይ ይሞቃሉ፣ ወተት ይጠጣሉ፣ ጀሪካን አያነሱም። ወጌሻው ጉተማም ቢሆን ይህን ከሰማ ወዲህ ወገቡን አሞት የመጣን ሽማግሌ ወደ ሐኪም ይልካል።

«ቀሚስሽ ረዘመብሽ?» ይላሉ አዴ ጁሀራ እኩዮቻቸውን። «ሳትሰፊው ሐኪም ጋ ሂጂ።»

ዙህራም በዒድ ቀሚሷን ስትለብስ መስታወት አታስቀድምም። ጎንበስ ብላ ጫፉን ታያለች።